ለጠዋት ክርክር የገዛሁት ቴርሞሜትር

ዕቃው ጥሩ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ያላችሁ ግዙት። ፍርዴን ከፊት ያስቀመጥኩት ለቸኮለ ሰው ብዬ ነው። ጊዜ ያለው ግን ቀጥሎ ያለውን ያንብብ፤ የኛ ግቢ ሰው ከዚህ ዕቃ የሚጠብቀው ሌላ፣ ዕቃው የሚሠራው ሌላ ሆኖ አይቻለሁና። ሰው የሚፈልገው "ልጁ ዛሬ ይሂድ ወይስ ይቅር?" ሲባል መልስ እንዲሰጥለት ነው። ዕቃው ግን የሚያውቀው ሙቀት ብቻ ነው።

የማወራው ስለ ተራው ዲጂታል ቴርሞሜትር ነው፤ ጫፉ ብረት የሆነ፣ አንድ ቁልፍና ትንሽ ስክሪን ያለው፣ ብብት ውስጥ ገብቶ ሲጨርስ ጢጥ ጢጥ የሚል። ደሴ ፒያሳ ካሉት ፋርማሲዎች ካንዱ ነው የገዛሁት። ዋጋው ከፋርማሲ ፋርማሲ ይለያያል፤ እኔ ከ400 ብር በታች ነው የከፈልኩት፤ እናንተ ስትሄዱ ስንት እንደሚሏችሁ አላህ ይወቅ። የምርት ስም አልጠራም፤ ማሸጊያው ይለያይ እንጂ በየመደርደሪያው ያለው ያው አንድ ዓይነት ነው።

በኛ ቤት ጠዋት ማን እንደሚወስን ካልነገርኳችሁ ለምን እንደገዛሁት አይገባችሁም። ባለቤቴ የምትሠራው ኮምቦልቻ ነው፤ ሰርቪሱ ጎህ ሳይቀድ ይወስዳታል። እኔ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችኝ፤ ካልከፈትኩ ገቢ የለም። እናቴ ከኛ ጋር ናት። ትንሿ ኬጂ ናት፣ ትልቁ ሦስተኛ ክፍል። ልጆቹን የሚያደርሰው ባጃጅ 1 ሰዓት ከ20 ሲሆን በር ላይ ጡሩምባውን ይነፋል፤ ስለዚህ ልጅ ከታመመ የሚወሰነው ከዚያ በፊት ባለችው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። እናቴ እጇን ግንባር ላይ አድርጋ "ወላሂ እሳት ሆናለች፤ የት ነው የምትልካት?" ትላለች። ባለቤቴ የሐረጎን ቁልቁለት እየወረደች በስልክ "ትኩሳት አላት ወይ? ስንት ነው?" ትላለች። እኔ መሐል ላይ ቆሜ አንድ እግር ካልሲ ይዣለሁ።

የእጅ ነገር ደሴ ላይ አያስተማምንም። ከተማችን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ጥቅምትና ኅዳር ከጦሳ የሚወርደውን የጠዋት ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እናቴ ግቢ ውስጥ ውሃ ነክታ ነው የምትገባው። በዚያ በቀዘቀዘ መዳፍ ሲነካ የማይተኩስ ልጅ የለም። በዚያ ላይ ልጅቷ ገና ከብርድ ልብስና ከጋቢ ሥር መውጣቷ ነው። በተቃራኒው ደግሞ እኔ ራሴ ጉንፋን ይዞኝ እጄ ሲግል የልጅ ትኩሳት አይታወቀኝም። ቴርሞሜትሩ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው፤ እሱም ቢሆን በትክክል ከተያዘ።

አያያዙ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ "ይሄ ዕቃ ይዋሻል" የሚሉኝ ሰዎች ሁሉ ስህተታቸው እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ ልጅቷን ከልብሱ ክምር አውጥቼ ሩብ ሰዓት ያህል እንዲሁ አስቀምጣታለሁ። ብብቷ ላብ ካለው በፎጣ አደርቀዋለሁ። ጫፉ የሚገባው ከሹራብ በላይ ወይም ከፓካውት ጋር ተጣብቆ አይደለም፤ ራቁት ቆዳ ላይ፣ የብብቱ ጉድጓድ ጥልቁ ቦታ ላይ ነው። ከዚያ ክንዷን ደረቷ ላይ አስተኝቼ ክርኗን እይዛለሁ። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ የኬጂ ልጅ ክንዷን ዝም አድርጋ አትይዝም፣ በየመሐሉ ስክሪኑን ለማየት ከፈት ታደርገዋለች፤ ከፈት ባደረገች ቁጥር አየር ይገባና ቁጥሩ ዝቅ ይላል። የኛዋን የሚያስቀምጣት ከስልክ ላይ አንድ መዝሙር ነው። ጢጥ ሲል ወዲያው አላወጣውም፤ ትንሽ አቆየዋለሁ። እንዲህ ሆኖ ሁለቴ ቢለካ ልዩነቱ ከ0.1 ወይም ከ0.2 አይበልጥም፤ ለዚህ ዋጋ ከዚህ በላይ መጠየቅ ነውር ነው።

ቁጥሩን ማንበብ ሌላ ጉዳይ ነው። ብብት ከሰውነት ውስጥ ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ገደማ ያነሰ ነው የሚያሳየው። ለዚህም ነው ጤና ጣቢያ በብብት 37.5 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ትኩሳት ብለው የሚይዙት። የኛ ቤት ሕግ እንዲህ ሆኗል፦ 38 ከሞላ ክርክር የለም፣ ባጃጁ ይሄዳል፣ ልጅ ይቀራል። ከ37.5 በታች ከሆነ ቴርሞሜትሩ ሥራውን ጨርሷል፤ ከዚያ ልጁን ነው የምናየው። መሐል ላይ፣ 37.6 እና 37.8 ሲል ነው ጭንቁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፤ የሰው ሙቀት ንጋት ላይ ዝቅ ብሎ ወደ ማታ ከፍ ይላል። ስለዚህ ማታ ሲሯሯጥ የዋለ ልጅ 37.6 ቢል አይገርመኝም፤ ጠዋት ከእንቅልፏ ተነሥታ 37.6 ያለች ልጅ ግን ከሰዓት በኋላ ወዴት እንደምትሄድ እገምታለሁ። ትቀራለች።

አሁን ስለ ሽሮፑ። ይህን የምጽፈው ለኔ ብጤ ወላጆች ነው፤ ሁላችንም እንተዋወቃለን። ልጁ ሌሊቱን ሲተኩስ አድሯል፤ ሥራ አለ፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፓራሲታሞል ሽሮፕ ይሰጠዋል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልጁ ይስቃል፣ ዳቦውን ይበላል፣ ይሄዳል። የሽሮፑ ጉልበት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ነው። ቁጠሩት፤ ልክ የምሳ ዕቃ ሲከፈት ያልቃል። ከዚያ ስልክ ይደወላል፣ ልጁ ጠረጴዛ ላይ ራሱን ደፍቶ ይገኛል፤ እስከዚያ ድረስ አንድ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ከተቀመጡት ጋር ሲተነፋፈስ ውሏል። ሐኪሞች የሚሉት ግልጽ ነው፤ ወደ ክፍል የሚመለሰው ያለ ምንም ማብረጃ 24 ሰዓት ሙሉ ትኩሳት ካልነበረው ነው። ያለ ማብረጃ የምትለዋ ናት ዋናዋ። ከሽሮፕ በኋላ የተለካ ቁጥር ሽሮፑ መሥራቱን እንጂ ልጁ መዳኑን አይናገርም።

ቴርሞሜትሩ የሚያስታውሰው የመጨረሻዋን አንድ ልኬት ብቻ ስለሆነ፣ ሱቄ ውስጥ አንድ ወረቀት አዘጋጀሁ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ስንት ዲግሪ፣ ሽሮፕ ተሰጠ ወይስ አልተሰጠ፣ ስንት ሚሊ። ቡፌው መስታወት ላይ ለጥፌዋለሁ። ግቢው ሰው አይቶት እያንዳንዱ "ለኔም ኮፒ" አለኝ፤ በነፃ ነው የሰጠሁት፤ ወረቀት በዚህ ዋጋ። ወረቀቷ ሌላም ጥቅም አላት። እናቴ እኔ ሳላውቅ አንድ ጊዜ፣ እኔ እናቴ ሳታውቅ ሌላ ጊዜ ሽሮፕ እንዳንሰጥ ትከለክላለች። ፓራሲታሞል በኪሎ ነው የሚሰላው፤ በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ለአንድ ኪሎ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። ጠርሙሶቹ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ በ5 ሚሊ ውስጥ 120 ሚሊግራም ያለው አለ፣ 250 ያለው አለ። "አንድ ማንኪያ" ብሎ ነገር የለም፤ ጠርሙሱን አንብቡ። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

እናቴን ቴርሞሜትሩ አላሳመናትም፤ አያሳምናትምም። ለሷ ትኩሳት ምች ነው፣ መድኃኒቱም ዳማ ከሴ። "አብሽር፣ ጨምቄ እቀባታለሁ፣ ላብ ሲወጣላት ትነሣለች" ትላለች። ትቀባት፤ ሽታው ለኔም የልጅነቴ ሽታ ነው፤ ቅጠሉ ከመለካት አይከለክልም። ዳማ ከሴ ተቀብታም 38.4 ካለች ትቀራለች። በዚህ ተስማምተናል። ያልተስማማነው በእንጥል ነው፤ እሱን አልደራደርም። ትልቁ ጉሮሮውን አሞት መዋጥ ሲያቅተው "እንጥሉ ወርዶ ነው" ተብሎ ቆራጭ ይፈለግ ተባለ። ትኩሳቱ 39 ገብቷል፣ ሳል የለውም፣ ንፍጥ የለውም፣ አንገቱ ላይ ዕጢው አብጧል። እንዲህ ሲሆን ቦታው ሐኪም ቤት ነው። በባክቴሪያ የመጣ የቶንሲል ሕመም ሳይታከም ሲቀር ቆይቶ የልብ በር ሊያበላሽ ይችላል፤ በአገራችን ወጣቶችን ለልብ ሕመም ከሚዳርጉት አንዱ ይኸው ነው። መድኃኒቱ ከተጀመረ አንድ ቀን ካለፈውና ትኩሳቱ ከለቀቀው ትምህርት ቤት መመለስ ይችላል፤ መድኃኒቱ ግን "ዳነ" ተብሎ መሐል ላይ አይቋረጥም።

ዕቃው ክፉኛ የሚያሳስተው ወባ ላይ ነው። ደሴ ላይ "እዚህ ወባ የለም" እንላለን፤ አገራችን ውስጥ ወባ በብዛት ያለው ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነ እውነትነት አለው። ግን ልጆቻችን እዚሁ ብቻ አይውሉም። ሐርቡና ባቲ ዘመድ የሌለው የደሴ ሰው ማን ነው? በዓል ተደርጎ ተመልሶ፣ ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ ማታ ይንቀጠቀጣል፣ 39.5 ይላል፤ ሌሊት ያልበውና ጠዋት 36.7። ቴርሞሜትሩ አልዋሸም፤ ያኔ 36.7 ነው። የወባ ትኩሳት ይሄዳል ይመጣል። ጠዋት ላይ ያየነውን ቁጥር አምነን ቦርሳ ብናሸክመው ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ይወድቃል። ቆላ ደርሶ የመጣ ልጅ ከተኮሰ፣ ቁጥሩ ቢወርድም ጤና ጣቢያ ወስዶ ደም ማስመርመር ነው፤ ጣት ተወግታ ውጤቱ እዚያው ይነገራል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆናችሁ ልጁ የትም ሳይሄድ ይህን ማሰብ አለባችሁ።

ሙቀት ሳይኖርም የሚቀር ልጅ አለ። ሌሊቱን ያስመለሰ ወይም ተቅማጥ የያዘው ልጅ 36.5 ቢልም አይሄድም፤ ከመጨረሻው ትውከት ወይም ተቅማጥ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን እስኪያልፍ ቤት ነው። የትምህርት ቤት ሽንት ቤትና የውሃ ነገር ይታወቃል። ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ፣ ለተቅማጥ ደግሞ ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን፤ ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም ዚንኩ አይቆምም። ዓይኑ ቀልቶ መግል የያዘ ልጅ ትኩሳት ላያሳይ ይችላል፣ ግን ወንበሩን ሁሉ ያዳርሳል። ኩፍኝ ከሆነ ሽፍታው ከወጣ 4 ቀን፣ ጆሮ ደግፍ ከሆነ ካበጠ 5 ቀን። ቅማልና ጭርት ግን ከትምህርት አያስቀሩም፤ ሕክምናው ተጀምሮ ይሄዳል።

ቴርሞሜትሩ አተነፋፈስንም አይቆጥርም። ለሱ የስልክ ሰዓት ይበቃል። ልጁ ተረጋግቶ ሳለ ልብሱን ገለጥ አድርጎ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር ነው፤ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ያኔ ጥያቄው ይሂድ አይሂድ መሆኑ ቀርቷል። መጠጣት ያቃተው፣ የዋጠውን ሁሉ የሚመልስ፣ ያንቀጠቀጠው ወይም ሲጠሩት የማይነቃ ልጅም እንደዚሁ፤ ቴርሞሜትሩን ጥላችሁ ባጃጅ ጥሩ።

በሌላ በኩል ንፍጥ ብቻ ያለው ልጅ ይሂድ። ደሴ ላይ በንፍጥ ልጅ ከቀረ ሴሚስተሩን የሚጨርስ አይኖርም። ይጫወታል? በልቷል? 37.5 አልደረሰም? መሐረብ ይዞ ይሂድ። ትልቁ አንድ ሰሞን በሒሳብ ፈተና ቀን ጫፉን የሻይ ብርጭቆ ላይ አስደግፎ አግኝቼዋለሁ፤ ስክሪኑ ቁጥር መስጠቱን ትቶ ኤች ጽፏል፤ ከልክ በላይ ሞቀ ማለቱ ነው። ሄደ።

ሌሎቹንም ዓይነቶች ስለምትጠይቁኝ በአጭሩ። ግንባር ላይ የሚተኮሰው፣ በ2012 ኮሮና ሲገባ በየበሩ የበዛው፣ ለፍጥነት ጥሩ ነው፣ ለደሴ ጠዋት ግን አይሆንም። የልጆቼ ትምህርት ቤት ጥበቃ በጉም ውስጥ በእግሩ የመጣ ልጅ ግንባር ላይ ተኩሶ 34.8 ሲያነብ ሰምቼዋለሁ፤ በዚያ ቁጥር ልጁ አምቡላንስ ነበር የሚያስፈልገው። ልጅ ቤት ውስጥ ቆይቶ፣ ግንባሩ ደርቆ ከሆነ ይሻላል። የድሮው የመስታወት ዘንግ፣ ሜርኩሪ ያለበት፣ ልኬቱ እንከን አልነበረውም፤ የኛው በ2014ቱ የጦርነት መከራ ከቤቱ ዕቃ ጋር ሄደ። እሱን መልሳችሁ አትግዙ። በ2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት ከ2020 በኋላ እንዳይመረት ያለው በምክንያት ነው፤ ከተሰበረ የሚንከባለለው ብር የመሰለ ነገር ተኖ ሲተነፍሱት ይመርዛል። ቤታችሁ ካለና ከተሰበረ በመጥረጊያ አትጥረጉት፤ ልጆቹን አውጡ፣ መስኮት ክፈቱ፣ በጠንካራ ወረቀት ሰብስባችሁ ክዳን ባለው ዕቃ ዝጉት።

አሁን ወደ ገዛሁት ዕቃ ነውሮች። ድምፁ ደካማ ነው፤ እናቴ ጨርሶ አይሰማትም። ስክሪኑ መብራት የለውም፤ መብራት በሄደ ሌሊት በአንድ እጅ የልጅ ክንድ፣ በሌላው የስልክ ባትሪ ይዞ ማንበብ ነው። ቁልፉ ተጭኖ ከቆየ ወደ ፋራናይት ይለወጣል፤ ጎረቤታችን ተውሳ ወስዳ "99.3 አለ!" እያለች ስትሮጥ መጣች፤ በኛው 37.4 ማለት ነው፣ ልጇ ጓሮ ኳስ እየተጫወተ ነበር። ባትሪዋ እንደ ሰዓት ባትሪ ትንሽ ክብ ናት፤ ስታልቅ ፋርማሲ ሳይሆን ሰዓት ሠሪ ጋ ነው የምትገኘው፣ እሱም በደቂቃ ይቀይርላችኋል። የባትሪው ክዳን ግን ላላ ያለ ነው፤ ይህን እንደ ትልቅ ጉድለት ነው የማየው። ትንሽ ልጅ እንዲህ ያለችውን ባትሪ ከዋጠ ጉሮሮውን በሰዓታት ውስጥ ታቃጥላለች። የኛን በፕላስተር ጠቅልለን ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጠነዋል። ጫፉ ከያንዳንዱ ልኬት በኋላ በአልኮል ይጠረጋል እንጂ አይቀቀልም።

ጠዋታችን ላይ ያመጣው ለውጥ ግን እውነተኛ ነው። ስክሪኑን ፎቶ አንሥቼ ለባለቤቴ በቴሌግራም እልካለሁ፤ "ትቅር" ወይም "ሹራብ ደርብላት" ብላ ትመልሳለች፤ እናቴም ቁጥሩን ባታምነውም የምራቷን ቃል ታምናለች። ባጃጁ ሳይደርስ ያልቃል። ያልፈታው ነገር የትምህርት ቤቱን ነው። አንድ ቀን በትኩሳት ለቀረ ልጅ "የሕክምና ወረቀት ካላመጣ ፈተናውን አይወስድም" ይላሉ። ቤት ተኝቶ ውሃ ጠጥቶ የሚድን ልጅ ለወረቀት ሲባል ክሊኒክ ወረፋ ላይ ከሌላ በሽተኛ ጋር ይቀመጣል፤ ያን መክፈል የማይችል ወላጅ ደግሞ ሽሮፕ አጠጥቶ ይልካል። እኔ የሙቀት ወረቀቴን ኮፒ አድርጌ ከኮሙኒኬሽን ደብተሩ ጋር አያይዤ ልኬ ነበር። መምህሯ ወደደችው፤ ቢሮው አልተቀበለውም።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ፤ አንዱ የተቀነሰው ለክዳኑ ነው። ቤታችሁ ከ3 ወር በታች ሕፃን ካለ ደግሞ ስለ ትምህርት ቤት ያልኩትን ሁሉ ተዉት፤ ለሱ 38 ማለት በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ማለት ነው። ስትገዙ ከማሸጊያው አስወጡት፣ ቁልፉን ተጫኑ፣ በሴልሺየስ መሆኑን እዩ፣ የራሳችሁ ብብት ውስጥ አድርጋችሁ ጢጥ እስኪል ባንኮኒው ጋ ቁሙ። ባለፋርማሲው ፊቱን ቢያጠቁርም ቁሙ፤ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለው ወረቀት ከጀርባው ተለጥፏል።